ትንሿን የፊርማ ሥዕል እንዴት እመዝናለሁ

ሰው በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ከሚጽፈው መልእክት ግርጌ፣ ከስሙ ሥር የሚያኖራትን አግድም ምስል፣ በሠሪዎቿ ዘንድ «ሲግ» ወይም «ፊርማ» የምትባለውን፣ ብዙዎች እንደ ማስዋቢያ ብቻ ያይዋታል። እኔ ግን ራሷን የቻለች የሥዕል ዘርፍ አድርገው ከሚቆጥሯት ሰዎች ወገን ነኝ፤ በዚህም ምክንያት ወጣት ሠሪዎች ሥራቸውን እንድመዝንላቸው ሲልኩልኝ «ጥሩ ነው» ወይም «አልወደድኩትም» ብሎ ማለፍ ለሥራውም ለሠሪውም ንቀት ይመስለኛል። እዚህ የምጽፈው አንዲት የፊርማ ሥዕል ስትቀርብልኝ ምን ምን እንደምመለከት፣ የትኛውን ጉድለት ከባድ፣ የትኛውን ቀላል አድርጌ እንደምወስድና ለምን እንደዚያ እንደማደርግ ነው።

ከሁሉ በፊት የስፋቷ ነገር አለ። የፊርማ ሥዕል ወርድ ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 500 ፒክስል (የምስል ነጥብ)፣ ቁመቷም ከ150 እስከ 200 ፒክስል ነው። 400 በ150 የሆነችው በጠቅላላው 60,000 ነጥብ ብቻ ይኖራታል፤ ባለ 12 ሜጋፒክስል የስልክ ካሜራ የሚያነሣው አንድ ፎቶ ከእርሷ 200 እጥፍ ነጥብ አለው። በእንዲህ ዓይነት ጠባብ ቦታ ውስጥ የሚጨመር እያንዳንዱ ነገር የሌላውን ቦታ ወስዶ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ የሥራው ጥራት የሚለካው ሠሪው ስንት ብሩሽ፣ ስንት ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ የሚነጠፍ የምስል ንጣፍ) እና ስንት የብርሃን ውጤት እንደ ተጠቀመ በመቁጠር ሳይሆን፣ የተቀመጠው ሁሉ አንዱን ዋና ጉዳይ ለማሳየት ማገልገሉን በማየት ነው ብዬ አምናለሁ። «ይህን ለመስራት አርባ ሌየር ፈጅቶብኛል» የሚል ሠሪ ስለ ድካሙ ነገረኝ እንጂ ስለ ሥዕሉ ገና ምንም አልነገረኝም።

ሥራውን መጀመሪያ የማየው በእውነተኛ መጠኑ ነው። ሠሪው ምስሉን ሦስት አራት እጥፍ አጉልቶ ረጅም ሰዓት ስለሚሠራ፣ በዚያ ጉልህነት ያማረው ዝርዝር በመቶ በመቶ መጠን ሲታይ ወደ ጭጋግነት መለወጡን ብዙ ጊዜ አያስተውልም። ተመልካቹ ግን አያጎላም፤ መልእክቱን አንብቦ ሲጨርስ ዓይኑ ለአፍታ ያርፍባትና ያልፋል። እኔም ያችን አፍታ ለማክበር ስል ምስሉን ከፍቼ ወዲያው ፊቴን አዞርና ምን እንዳየሁ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱ «አንድ ሯጭ» ወይም «አንዲት ፊቷን ያዞረች ሴት» ከሆነ ሥራው የመጀመሪያውን በር አልፏል፤ «ብዙ ሰማያዊ ብርሃን» ከሆነ ግን አላለፈም። ቀጥዬ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ዝርዝሩ ሲጠፋ የሚቀረውን የብርሃንና የጨለማ አቀማመጥ አያለሁ፤ ከዚያም ቀለሙን አጥፍቼ በጥቁርና ነጭ፣ በመጨረሻም ግራና ቀኙን ገልብጬ እመለከታለሁ። መገልበጡ ሚዛኑን ያጋልጣል፤ በአንድ በኩል የከበደ ሥራ ሲገለበጥ ሊወድቅ ያዘመመ ይመስላልና። አጉልቼ የማየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ሠሪ አበበ ቢቂላን ዋና ጉዳይ አድርጎ የፊርማ ሥዕል ሠራ እንበል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ፤ ውድድሩ ወደ ማምሻው ተጀምሮ በጨለማ በቆስጠንጢኖስ ቅስት አጠገብ ተጠናቀቀ፤ መንገዱንም ወታደሮች በያዙት ችቦ አበሩት። ለሥዕል ሠሪ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም፤ ጨለማ፣ የችቦ ብርሃን፣ ጥንታዊ ድንጋይና ባዶ እግር በአንድ ላይ ተገኝተዋል። ችግሩ ሯጭ ቁመታም፣ የፊርማ ሥዕል ደግሞ አግድም መሆኗ ነው። የሰው ቁመት ከጭንቅላቱ ቁመት ሰባት ተኩል እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ሯጩን ከራስ እስከ እግር በ150 ፒክስል ቁመት ውስጥ ለማስገባት የፈለገ ሠሪ ለጭንቅላቱ 20 ፒክስል ብቻ ይተርፈዋል፤ በ20 ፒክስል ውስጥ ደግሞ ያን የተረጋጋ የአበበን ገጽታ ማሳየት አይቻልም። እንግዲህ ሠሪው መምረጥ አለበት፦ ወይ ፊቱንና ደረቱ ላይ ያለውን 11 ቁጥር፣ ወይ ድንጋዩን የሚረግጠውን እግር። ሁለቱንም እኩል ለማሳየት የሞከረ ሥራ ሁለቱንም ያጣል። እኔ ስመዝን ምርጫው መደረጉን እንጂ የትኛው እንደ ተመረጠ አልጠይቅም፤ ቢሆንም እግሩን የመረጠ ሠሪ ቢያጋጥመኝ ድፍረቱን ሳላደንቅ አላልፍም ነበር።

ከሁሉ አብልጬ የምከራከርበት ነገር ብርሃን ነው። የፊርማ ሥዕል በአብዛኛው የሚሠራው ከየቦታው በተሰበሰበ ቁራጭ ነው፤ ሰውየው ከአንድ ፎቶ ተቆርጦ ይወጣል፣ ጀርባው ከሌላ ይመጣል፣ ጭሱና ፍንጣሪው ከሦስተኛ። እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ብርሃን ይዞ ስለሚመጣ የሠሪው ትልቁ ሥራ እነዚህን ሁሉ ከአንድ ምንጭ በወጣ ብርሃን ሥር ማስታረቅ ነው። ቀን በፀሐይ የተነሣ ሯጭ ብርሃኑን ከላይ ስለሚቀበል ከቅንድቡ፣ ከአፍንጫውና ከአገጩ ሥር ጥላ አለው። ይህንኑ ሰው አምጥቶ በሮም ሌሊት ውስጥ ያቆመ ሠሪ ችቦ በሰው እጅ ተይዞ ከጎን የሚያበራ መሆኑን ካላሰበ፣ ጥላው ወደ ታች ወርዶ ብርሃኑ ከጎን መጥቶ ሥዕሉ ከራሱ ጋር ይጣላል። ተመልካቹ ምክንያቱን ላይናገር ይችላል፤ ሰውየው ግን ከቦታው ጋር ያልተዋሐደ፣ በወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ መሆኑ ይሰማዋል። ጥሩ ሠሪ ከላይ ያለውን ብርሃን ያደበዝዛል፣ በጉንጩና በትከሻው ጠርዝ ላይ ሞቅ ያለ ብርቱካናማ ብርሃን በቀጭኑ ይስላል፣ ተቃራኒውንም ጎን ለጨለማው ይተወዋል።

በዚህ ረገድ በተደጋጋሚ የማየው ጉድለት በሰውየው ትከሻ በስተጀርባ በትልቅ ለስላሳ ብሩሽ የሚቀመጠው ነጭ ብርሃን ነው። ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ ግልጽ ነው፤ ብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች «የብርሃን ምንጭ ጨምሩ» ብለው በአንድ ምት ያሳዩታል። ነገር ግን ብርሃን የሚያርፍበትን ነገር ካልለወጠ ብርሃን ሳይሆን ነጭ ጉም ነው። ነጩ እስከ መጨረሻው ደረጃ ሲደርስም በዚያ ሥር የነበረው ዝርዝር ፈጽሞ ይጠፋል፤ ከ60,000 ነጥብ ውስጥ አሥር ሺሁን በባዶ ነጭ የሸፈነ ሠሪ የቦታውን ስድስተኛ እጅ አባከነ ማለት ነው። ስለዚህ የብርሃን ጉድለትን ከማንኛውም ሌላ ጉድለት በላይ ከባድ አድርጌ እቆጥራለሁ፤ ቀለሙ ቢሳሳት፣ ጽሑፉ ቢያንስ፣ ብርሃኑ እውነተኛ የሆነ ሥራ ግን ይቆማል።

እግረ መንገዴን ስለ ይዘት እውነተኛነት አንድ ነገር ልበል። አበበ በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ ቶኪዮ ላይ ድሉን የደገመው ጫማ አድርጎ ነው። የቶኪዮን ፎቶ ቆርጦ በሮም ችቦ መካከል ያቆመ ሥራ በቴክኒክ እንከን ባይኖረውም ሠሪው የሚሠራለትን ሰው አለማወቁን ያሳያል፤ ይህንንም ከጥራት ነጥሎ ማየት አልችልም።

ጥልቀት ከብርሃን ጋር የተያያዘ ነው። ከሰሜን ተራሮች ጫፍ ቆሞ ወደ ቆላው ያየ ሰው የቅርቡ ገደል ጥቁርና ጥርት ያለ፣ ቀጣዩ የደበዘዘ፣ የመጨረሻውም ከሰማዩ ጋር ሊቀላቀል የተቃረበ ሰማያዊ ሆኖ እንደሚታይ ያውቃል። በትንሿ ሥዕልም ርቀት የሚፈጠረው በዚሁ ሥርዓት ነው፦ ከፊት ያለው ነገር ትልቅና ምናልባትም ከትኩረት የወጣ፣ መካከለኛው ጥርት ያለ፣ የኋላው ደግሞ የብርሃንና የጨለማ ልዩነቱ የቀነሰ ይሆናል። ብዙ ጀማሪዎች ጀርባውን በብለር ማደብዘዝን ብቻ ጥልቀት ይሉታል። ዳር ዳሩ የደበዘዘ ነገር ግን ጥቁሩ እኩል ጥቁር፣ ነጩም እኩል ነጭ ሆኖ የቀረ ጀርባ ወደ ኋላ አይሄድም፤ ትኩረቱ የተበላሸ ፎቶ ብቻ ይሆናል። በተቃራኒው ሁሉንም ነገር ሻርፕ በተባለው ማጥሪያ እኩል ጥርት ያደረጉ ሠሪዎች አሉ፤ በእነርሱ ሥራ ውስጥ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ የለም።

የእንቅስቃሴ አቅጣጫ ሠሪዎች «ፍሎ» የሚሉት ነው። የሯጩ ክንድና እግር፣ የልብሱ እጥፋት፣ የችቦው ነበልባል የሚያመለክቱት አንድ አቅጣጫ አለ፤ በጀርባው የሚጨመረው ብሩሽና ፍንጣሪ ያንን አቅጣጫ ሊከተል ወይም ሆን ብሎ ሊቃወም ይገባል። በማንኛውም ምስል ላይ ያለ ለውጥ ሊገለበጡ የሚችሉ የዘፈቀደ ሽክርክሪቶች ግን ለዚያ ሰው የተሠሩ አይደሉም። አንድ ቀላል መፈተኛ አለኝ፦ ሯጩን አውጥቼ በምትኩ የእግር ኳስ ተጫዋች ባስገባ ጀርባው እንደ ነበረ ሆኖ ያገለግላል ወይ ብዬ አስባለሁ። ካገለገለ ሠሪው ጀርባ አዘጋጀ እንጂ ሥዕል አልሠራም። አንዱን የማስተማሪያ ጽሑፍ ደረጃ በደረጃ ተከትለው የተሠሩ ሥራዎች የሚወድቁት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። ከዋናው ምስል ላይ የተወሰዱ ሁለት ሦስት ቀለሞች ለእንዲህ ያለች ቦታ ይበቃሉ። ማስተዋል የሚያስፈልገው ነገር ቢኖር ዓይናችን የቀለማትን ድምቀት እኩል አለማየቱ ነው፤ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ከሚታየን የነጭ ድምቀት 72 በመቶ ያህሉ ከአረንጓዴ፣ 21 በመቶ ያህሉ ከቀይ፣ 7 በመቶ ያህሉ ብቻ ከሰማያዊ የሚመጣ ነው። በጥቁር ላይ በንጹሕ ሰማያዊ የተጻፈ ስም የማይነበበው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምስሉን በጥቁርና ነጭ የማየውም ለዚሁ ነው።

ጽሑፉ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ በተለይም በግዕዝ ፊደል ሲሆን። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት ዩኒኮድ በተባለው የጋራ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለዓመታት ብዙ ሠሪ ስሙን በላቲን ፊደል ይጽፍ የነበረው ወዶ ሳይሆን ፎቶሾፕ ውስጥ ፊደሉን አስተካክሎ የሚያወጣለት ፎንት ስላልነበረው ነው። ናያላ የተባለው የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ሲመጣ ሁኔታው ተሻሻለ፤ ዛሬ ደግሞ ኖቶን የመሳሰሉ ባለብዙ ውፍረት ፎንቶች በነፃ ይገኛሉ። ስለዚህ ዛሬ የሚሠራን ሥራ በጽሑፉ አጥብቄ ብመዝነው አግባብ ነው።

የፊደላችን ጠባይ ለትንሽ ቦታ አንድ በረከትና አንድ ፈተና ይዟል። በረከቱ ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል ልዩነት ስለሌለውና ቁመቱ ተቀራራቢ ስለሆነ፣ አንድ ቃል ወጥ የሆነ አግድም መስመር ሠርቶ ከሥዕሏ ቅርጽ ጋር በቀላሉ መስማማቱ ነው። ፈተናው ደግሞ የድምፁ ልዩነት በጥቃቅን ቅጥያዎች ላይ መመሥረቱ ነው። «ሲ» እና «ሴ» የሚለያዩት በቀኝ እግር ጫፍ ላይ ባለች ሰረዝና ቀለበት ብቻ ነው፤ ፊደሉ አሥር ፒክስል ያህል ቁመት ሲኖረው የቀለበቷ ቀዳዳ ከአንድ ፒክስል አይበልጥም፤ በዙሪያው የሁለት ፒክስል ጠርዝ ሲጨመርበትም ቀዳዳዋ ትደፈንና «ሴት» ወደ «ሲት»፣ «ቤዛ» ወደ «ቢዛ» ይለወጣል። በላቲን ፊደል ላይ ያማረ የጠርዝና የጥላ ውጤት ሳይመረመር ወደ ግዕዝ ሲዛወር የሚያደርሰው ጉዳት ይህ ነው። ፕሮግራሙ በራሱ የሚያወፍረው ሰው ሠራሽ ውፍረትም ከዚህ አይለይም፤ ወፍራም ፊደል የፈለገ ሠሪ ወፍራም ሆኖ የተነደፈ ፎንት መምረጥ ይኖርበታል።

ጽሑፉ የት ይቀመጥ ለሚለው፣ ከዋናው ጉዳይ አጠገብ ሆኖ ዓይን ሳይዘል የሚያገኘው ቦታ ይሻላል እላለሁ። በማዕዘን የተወሸቀ ስም ከሥዕሉ በኋላ የታሰበ ይመስላል፤ በመካከል የተዘረጋ ግዙፍ ስም ደግሞ ሥዕሉን ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳነት ይለውጠዋል። ከሁሉም የማደንቀው ፊደሉን ራሱን የሥዕሉ አካል ያደረገ ሠሪ ነው። ሠዓሊው ወሰኔ ኮስሮፍ የአማርኛን ፊደላት የሥዕሎቹ ዋና ጉዳይ አድርጎ እያጎበጠና እየዘረጋ ሲሠራ፣ ፊደል የሚነበብ ብቻ ሳይሆን የሚታይም መሆኑን አሳይቷል። የችቦው ብርሃን በ«አበበ» ፊደላት አንድ ጎን ላይ ሲያርፍ፣ የሯጩም ክንድ ከአንዱ ፊደል ፊት ሲያልፍ፣ ስሙ በዚያው ሌሊት ውስጥ የቆመ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣልኝ ሌላ ጥቃቅን ጉድለቱን ለመታገሥ ዝግጁ ነኝ። ይሁን እንጂ ሠሪው ፊደሉን ሲያጎብጥ ንባቡን ፈጽሞ ካጠፋው ፊርማ የምትጠቁመው ሰው ስለማይኖር ነፃነቱ በዚያ ያበቃል።

ጠርዝን በተመለከተ የአንድ ፒክስል ጥቁር መስመር ለአብዛኛው ሥራ በቂ ነው። ጌጠኛ ጠርዝ የሚወዱ ሠሪዎች ግን የብራና መጻሕፍትን ሐረግ ቢመለከቱ ይጠቀማሉ። ሐረጉ በጽሑፉ መጀመሪያ ገጽ ራስጌና ዳር ተስሎ፣ አንባቢውን በቀይ ቀለም ወደ ተጻፈው መክፈቻ ይመራዋል፤ የተጠላለፈው መስመር የቱንም ያህል ቢራቀቅ ጽሑፉን አይጋፋም። በአራቱም ማዕዘን ሐረግ የደረደረ የፊርማ ሥዕል ግን ከ150 ፒክስል ቁመት ውስጥ ስልሳውን ለጌጥ ሰጥቶ ለሰውየው ምን እንዳስቀረ አይገባኝም።

አጉልቼ ስመለከት የምፈልገው የአቆራረጡን ንጽሕና ነው። ከነጭ ጀርባ ላይ የተቆረጠ ምስል በጨለማ ላይ ሲቀመጥ በፀጉሩ ዙሪያ የሚቀረው ነጭ መስመር ሠሪው ማስኩን (የምስሉን የማይፈለግ ክፍል የሚሸፍነውን ንጣፍ) በትዕግሥት አለመሥራቱን ይናገራል። የፋይሉም ዓይነት ከሥራው አይነጠልም። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ ስለሚያሳንስ በፊደል ዙሪያ ትቢያ የመሰለ ብናኝ ይተዋል፤ የቀለሙንም ዝርዝር ከድምቀቱ ይበልጥ ስለሚቀንስ ቀይ ጽሑፍ በጥቁር ላይ ይቦዝዛል። ጂአይኤፍ ከ256 ቀለም በላይ ስለማይዝ ለስላሳውን የችቦ ብርሃን ወደ ደረጃ ደረጃ ይሰባብረዋል። እንግዲህ ጽሑፍ ላለበት ሥራ ፒኤንጂ ይሻላል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ግን ሥራን አልጥልም፤ እንደገና አስቀምጦ እንዲልክልኝ እጠይቃለሁ።

ስለ ባለቤትነት የምጠይቀው ጥያቄ ግን ጥብቅ ነው። ፎቶው፣ ብሩሹ፣ ሲፎርዲ (ሲኒማ ፎርዲ) በተባለው የሦስት አውታር ምስል መሥሪያ ፕሮግራም የተሠራው ቅርጽ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ዘርፉ የቆመው በቁራጭ ላይ ነውና ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ ምንጩን መደበቅና ሌላው ሰው የጨረሰውን ሥራ ስም ለውጦ ማቅረብ ነው። በአሁኑ ጊዜ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት በተሰጠ የጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ የተፈጠሩ ምስሎችም ይመጡልኛል፤ የግዕዝ ፊደላቸው አብዛኛውን ጊዜ ፊደል የሚመስል ግን የማይነበብ ቅርጽ ስለሆነ መለየቱ አይከብድም። እንዲህ ዓይነቱን ምስል እንደ ጥሬ ዕቃ ተጠቅሞ ብርሃኑን ያስተካከለ፣ ፊደሉን በእጁ የጻፈ ሠሪ ሥራውን ልመዝንለት እችላለሁ፤ ሌየሮቹን ያስቀመጠበትን ፋይል እንዲያሳየኝ ግን እጠይቀዋለሁ፤ ምክንያቱም የምመዝነው ሰው ያደረጋቸውን ውሳኔዎች ነው።

ነጥብ መስጠት ካለብኝ ግማሹን ለዋናው ጉዳይና ለብርሃኑ አብሬ እሰጣለሁ፤ የቀረውን ጥልቀት፣ አቅጣጫ፣ ቀለምና ጽሑፍ ይካፈሉታል። ከነጥቡ በፊት ግን ሦስት ነገር በጽሑፍ አሰፍራለሁ፦ መጀመሪያ ዓይኔ የት እንዳረፈ፣ ቀጥሎ ወዴት እንደ ሄደ፣ የትስ ላይ እንደ ተደናቀፈ። ሠሪው ዓይኔን በሯጩ እግር ላይ ሊያሳርፍ አስቦ እኔ ያረፍኩት በማዕዘኑ ነጭ ብርሃን ላይ ከሆነ፣ ከማንኛውም ቁጥር ይልቅ ይህ ያርመዋል። ሁለት ሥራዎች እኩል ነጥብ ሲያመጡብኝ በማግስቱ ሁለቱንም እንደገና በእውነተኛ መጠናቸው ከፍቼ አያቸዋለሁ፤ ትናንት ያላየሁትን ነገር ዛሬ ያሳየችኝን እመርጣለሁ።